ፎቶው አለ፣ ታሪኩ ግን የት ቅጠል ላይ ነው? የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለብራና ጥናት ምን ይሥራልን?

ዘደብረታቦር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ለዚህ ቤት ታዳሚዎች። ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ እንዳይምታታብን እናንተም እንዲያ ብታደርጉ መልካም ነው።

በፊሎሎጂ (በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬን እየሠራሁ ነው። የያዝኩት አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ። 78 ነፍስ በልቶ፣ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነው የቅምር ሰው። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከእናቴ ጎን ቆሜ ስሰማው ያደግሁት ነው። አሁን የማጠናው ታሪኩ በድሮዎቹ ቅጂዎች ስንተኛ ተአምር ሆኖ እንደተጻፈ፣ ቃሉም ከቅጂ ቅጂ የት የት እንደሚለያይ ነው።

ስጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ብራናው በፓሪስም፣ በቫቲካንም፣ በሚኒሶታም ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው አልኩ። ፎቶው እውነትም አለ። ግን ብዙዎቹን ስከፍት መግለጫው «ተአምረ ማርያም፣ ብራና፣ ሁለት ዓምድ» ብሎ ያበቃል። የትኞቹ ተአምራት እንዳሉበት አይናገርም። ተአምረ ማርያም ደግሞ እንደ ዳዊት አይደለም። አንዱ ቅጂ 33 ተአምር ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ከመቶ ያልፋል፣ ቅደም ተከተላቸውም አይገጥምም። ስለዚህ ለአንድ አጭር ታሪክ ስል ሙሉውን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል አገላብጣለሁ። ኔትወርኩ ሲደክም አንድ ቅጠል እስኪከፈት ሻዬ ይቀዘቅዛል። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ወደምማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ (ስሙ ይቅር)። ሰዎቹ አክብረው አነጋገሩኝ። «ዲጂታል ክፍል» ብለው የወሰዱኝ ግን ኮምፒዩተር የተደረደረበት አዳራሽ ነው፤ የውጭ ጆርናል ማውረድ ትችላለህ አሉኝ። ቅጂዎቹን በምን ላነጻጽር፣ የገለበጥኩትን ጽሑፍ በምን መልክ ላስቀምጥ፣ ስጨርስስ የት ላኑረው ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ።

እና ጥያቄዬ፦ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለ ጥናት ምን ቢሠራ ነው የሚጠቅመው? «ስካነር ይግዙ» ከሚለው ያለፈ መልስ ካላችሁ እሰማለሁ።

እናት_መዝገብ

ልጄ፣ አንተ ያጣኸው ካታሎገር ነው፤ መጽሐፉን አንብቦ ምን እንደያዘ መግለጫ የሚጽፍ ሰው።

23 ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ ስለ ስካነር ይጠይቀኛል፣ ስለ መግለጫ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እስቲ የምታውቀውን የሚኒሶታውን ስብስብ ውሰድ። የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1973 ተጀመረ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ኮሌጅቪል ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ከ1975 እስከ 1993 የካታሎጉ 10 ቅጾች ታተሙ። አሥረኛው ቅጽ የቆመው 5,000ኛው ቁጥር ላይ ነው። የቀረውን ለመግለጽ ዛሬም እየተሠራ ነው። ማንሣቱ በሃያ ዓመት አለቀ፣ መግለጹ በሃምሳ ዓመት አላለቀም።

የእነዚያን ቅጾች አብዛኞቹን የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው፣ እግራቸው ከእንግዲህ ላይሄድ፣ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ፊልሙን በመሣሪያ እያበሩ፣ እያንዳንዱን ብራና አንብበው ምን እንደያዘ ጻፉልን። በ2021 ዐረፉ። እኔ የእሳቸውን ካታሎግ ስከፍት ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ አንድ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ ካላነበበው በቀር ፎቶው የተዘጋ መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ። ግእዝ መጽሐፍ የሚገለጽበት ቋንቋ የማን ነው? ዲልማን የለንደኖቹን በ1847 የገለጻቸው በላቲን ነው። ዞተንበርግ የፓሪሶቹን በ1877 በፈረንሳይኛ፣ ራይት በዚያው ዓመት የለንደኖቹን በእንግሊዝኛ። ዛሬም በፊደላችን «ገድለ ላሊበላ» ብለህ ስትጽፍ ባዶ የሚመልስ የፍለጋ ሣጥን ሞልቷል። በላቲን ፊደል፣ ያውም ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ አድርገህ መጻፍ አለብህ። መጽሐፉን ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡት መሪጌታ ሊፈልጉት አይችሉም ማለት ነው። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ከሁሉ አስቀድሞ መሥራት ያለበት ይህን ነው። በአማርኛና በግእዝ፣ በፊደላችን የተጻፈ መግለጫ። ለዚህ የሚያስፈልገው ግእዝ የሚያነብ ሰው መቅጠር ነው፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ኤልበ_ዳር

እኔ ጀርመን አገር ለዶክትሬት እየተማርኩ ነው። እማማ እናት መዝገብ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር።

ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ ስሙም በዚሁ በእኛ ቃል ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን የእጅ ጽሑፎች በአንድ ሥርዓት ይገልጻል። በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 ይቀጥላል። ቁጥሩን ደግማችሁ አስቡት፤ 25 ዓመት። እኛ ጋ ስንት ሥራ በሁለትና በሦስት ዓመት እርዳታ ተጀምሮ፣ እርዳታው ሲያልቅ ድረ ገጹም አብሮ ሲጠፋ አይቻለሁ። ተመራማሪ ይመረቃል፣ ፕሮጀክት ይዘጋል። ለነገ የሚቀመጥ ነገር መሥራት የሚችል ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው፣ ሥራውም ይኸው ነበር።

የአሠራሩ ጥቅም ምን መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ብራና አንድ የጽሑፍ ፋይል አለው። ቲኢአይ በሚባለው የአጻጻፍ ደንብ ነው የሚሠራው። ጽሑፉ፣ ጸሐፊው፣ ያስጻፈው፣ ቦታው፣ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ሌላ የት እንደጻፈ ብትጠይቅ ይመልስልሃል። ፋይሉ ማንም አውርዶ ሊይዘው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው። ሰርቨሩ ቢወድቅ ሌላው ጋ ይገኛል።

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ በጥቅምት 2023 አይተናል። ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ የብራናዎቹ ገጽ ተዘጋ። ከእነዚያ ብራናዎች መካከል በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን እያጠናሁ ነበር፤ ጠዋት ስነሣ የማነበው ቅጠል የለም። ያወረድኩት ጥቂት ነበረ። ለወራት በዚያች ጥቂት ሠራሁ። ያን ያህል የሚያህል ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ቅጂ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አለማስቀመጥ ነው።

ዘደብረታቦር፣ ታውቀው ይሆናል እንጂ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በተአምረ ማርያም ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮጀክት አለ። ለእያንዳንዱ ታሪክ መለያ ቁጥር ሰጥተው፣ በመነሻ ቃሉ እየለዩ፣ በየትኛው ብራና እንዳለ ይመዘግባሉ። አንተ የምትፈልገው ልክ እሱን ነው።

ዘደብረታቦር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የፕሪንስተኑን አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ብዙ ገላግለውኛል። የቸገረኝ እነሱ ያልደረሱባቸው እዚሁ አገር ውስጥ ያሉ ቅጂዎች ናቸው።

ሜሪላንድ_ነዋሪ

ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ዲሲ አካባቢ ነኝ። እንደ እናንተ የተማርኩት አይደለም፣ ግን በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር አይቻለሁ።

የመጀመሪያው የእጅ ጽሑፍ ለኮምፒዩተር ስለማስነበብ ነው። ትራንስክሪቡስን የመሰሉ መሣሪያዎች አሉ። ሰው በእጁ የገለበጣቸውን ገጾች ከፎቶው ጋር መስመር በመስመር ታሳየዋለህ፣ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን ራሱ ይሞክራል። ይሳሳታል። ፊደላችን በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለየው፤ ብራናው ከደበዘዘ «ሰ» እና «ስ» ያምታታበታል። ግን ዘደብረታቦር የሚፈልገው ታሪኩ የት እንዳለ ነው። ለመፈለግ ከአሥር ቃል ሰባቱን በትክክል ማንበብ ይበቃል፤ ቅጠሉን ካገኘህ በኋላ በዓይንህ ታነበዋለህ። ሦስት ወሩ ሦስት ቀን ይሆን ነበር። ለማስተማሪያ የሚሆነው የተገለበጠ ጽሑፍ ደግሞ በየተመራቂው ላፕቶፕ ውስጥ ተኝቷል። ቤተ መጻሕፍቱ ሰብስቦ ቢያኖረው ኖሮ ስንት ነገር በተሠራ።

ሁለተኛው የሚያሳዝነኝ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት ደንብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ ሰው የሚጽፈው በእነ ቪዡዋል ግእዝና በእነ ፓወር ግእዝ አሮጌ ፎንቶች ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ኢንተርኔት ላይ ማኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱን አንብቤበታለሁ። ግን እንደዚህ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ጥናት ሲያጋጥምህ ግእዙን ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይዘረገፋል። ያ ሰው ሁለት ዓመት ደክሞ ያዘጋጀው ጽሑፍ ለዓይን ይታያል፣ ለፍለጋ ግን የለም። ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ ሠንጠረዥ ሠርቶ ፊደል በፊደል መተካት ነው። ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልገው «ይህ የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚል ቤት ነው።

አንድ ሐሳብ ላክል፦ ፊደላቱን አንድ እናድርጋቸው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። አንዱ «ሥዕል» ሌላው «ስእል» እያለ ሲጽፍ ፍለጋው ሁሉ ይበላሻል።

የቀለም_ቀንድ

ወንድሜ ሜሪላንድ፣ የመጨረሻዋን እባክህ ተዋት።

የኔታ ዘንድ ስንማር «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ አይደሉም። በንጉሡ «ሠ» ስትጽፈው ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ትወጣለች። በእሳቱ «ሰ» ሌባ ነው። አንድ ካደረግኻቸው ፀሐይን ሌባ አደረግኻት። «መሀረ» እና «መሐረ» ቢምታቱ ደግሞ ያስተማረው ይቅር ካለው ይደባለቃል።

ለጥናትም ቢሆን የጸሐፊው ስሕተት ምስክር ነው። አንድ ጸሐፊ «ኀ»ን በ«ሐ» የሚለውጥበት ልማድ ካለው፣ ከእሱ የቀዱት ሁሉ ያንኑ ይደግማሉ፤ የትኛው ብራና ከየትኛው እንደተቀዳ በዚያ ትከተለዋለህ። ካስተካከልከው ዱካውን ጠረግኸው። ብራናው ላይ ያለው እንዳለ ይጻፍ።

ሜሪላንድ_ነዋሪ

ልክ ነህ፣ አጻጻፌ ነው ያሳሳተው። ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጥ፣ አንዲት ነጥብ አይነካ። አንድ የሚሆኑት ከኋላ ባለው የፍለጋ ማውጫ ብቻ ነው። አንተ በፈለግኸው ፊደል ትጽፋለህ፣ ማውጫው ሁሉንም ያመጣልሃል፣ የሚታይህ ግን ጸሐፊው የጻፈው ነው። የሠረቀና የሰረቀን ነገር አላውቅም ነበር፤ ተምሬያለሁ።

የርስት_ታሪክ

ስለ ጽሑፉ ብቻ ነው የምታወሩት፤ ኅዳጉን፣ በገጹ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ፣ ማን ያንሣው?

እኔ የማጠናው የመሬት ታሪክ ነው። ምንጮቼ ያሉት በወንጌሉና በገድሉ ባዶ ቅጠል ላይ፣ በዓምዶቹ መካከል፣ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ነው። በጎንደር ዘመን ርስት ሲሸጥ፣ ጉልት ሲሰጥ፣ ሰው ውርሱን ሲያወርስ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ላይ ነበር። እገሌ ከእገሌ ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ከፍሎ ገዛ፣ ዳኛው እገሌ፣ እማኞቹ እነ እገሌ ይላል። ሴቶች ርስት ሲገዙና ሲሸጡ የምታገኘው እዚያ ነው። ንጉሥ ዜና መዋዕል አስጽፏል፤ ተራው ሰው ያለው ይህ ኅዳግ ብቻ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል እዩት። በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ስጦታ የሆነው፣ በማይክሮፊልሙ ስብስብ 1832ኛው። አራቱ ወንጌላት በሺህ ብራና ላይ አሉ። ይህን ብራና ለታሪክ ሰው ልዩ ያደረገው ትርፍ ቦታው ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ነው፤ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ንብረቱ፣ ስለ መጻሕፍቱ የሚናገረው። መግለጫው «አራቱ ወንጌላት» ብሎ ቢያቆም ኖሮ ማን ይደርስበት ነበር?

እናም እናት መዝገብ፣ እርስዎን ነው የምለምነው። ካታሎገሩ የሚጽፈው ነገር ወደፊት ምን እንደሚጠና ይወስናል። ያልጻፈውን ማንም አይፈልግም፣ መኖሩን አያውቅማ። ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ «በቅጠል 3 እና 147 የአማርኛ ማስታወሻ አለ» የምትል አንድ መስመር ጻፉልን። ማንበቡን እኛ እናነባለን።

የገበዙ_ልጅ

ሁላችሁም ስለ ተመራማሪ ነው የምታወሩት። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ስለ ባለቤቱ ልናገር።

አባቴ ገበዝ ነበሩ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። ልጅ ሆኜ ካሜራ ይዘው የመጡ ሰዎችን አስታውሳለሁ። ከየት እንደመጡ አልናገርም። ትሑቶች ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴ መጽሐፉን ከማኅደሩ እያወጡ፣ እየዘረጉ፣ ማታ እየቆጠሩ መለሱ። ሲሄዱ ሲዲ ሰጡን። በአካባቢያችን ሲዲ የሚያጫውት ነገር ቀርቶ መብራት አልነበረም። ሲዲው ዛሬም ዕቃ ቤት ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አባቴ ሳያዩት ዐረፉ።

ኋላ ከተማ ስማር የደብራችንን ስንክሳር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። አለቀስኩ፤ ደስታም ነው፣ ሌላም ነው። የደብሩ ስም ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ማንን ልንገር? «አስተያየት ላኩ» የሚል ቦታ አገኘሁና ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም።

ደግሞ ሁሉም ይከፈት ትላላችሁ። ይህ መጽሐፍ እዚህ ቦታ፣ በእዚህ ደብር አለ ብሎ ለዓለም መናገር ለሌባም መናገር ነው። አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ የሚያድሩት ለምን ነበር?

ሜሪላንድ_ነዋሪ

እኅቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን በዚያ አልስማማም። የተሰረቀ ብራና ገበያ ላይ ሲወጣ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ቀድሞ የተነሣው ፎቶ ነው። ከ2009 እስከ 2015 በትግራይ ደብሮች የተነሡት ፎቶዎች ከጦርነቱ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ አስቢው። ፎቶ የሌለው መጽሐፍ ከጠፋ ጠፋ ነው።

የገበዙ_ልጅ

ፎቶው አይነሣ አላልኩም። ማን ያየው፣ አድራሻውስ ለማን ይነገር የሚለውን ባለቤቱ ይጠየቅ ነው ያልኩት። አልተጠየቅንም።

እናት_መዝገብ

ልጄ፣ የተናገርሽው ልቤን ነክቶታል። በሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ።

ብሪቲሽ ላይብረሪ የሚያስተዳድረው፣ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት መርሐ ግብር ከ2004 ጀምሮ አለ። ደንቡ ዋናው መጽሐፍ ከአገር አይወጣም፣ የፎቶውም ቅጂ እዚያው አገር ይቀራል ይላል። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን «አገር» ማለት አዲስ አበባ ያለ መደርደሪያ ሆኖ ይቀርና ለደብሩ አይደርስም። እኔ ብጠየቅ ለደብሩ የሚሰጠው በወረቀት የታተመ፣ በደንብ የተጠረዘ አልበም ይሁን። ቄሱ በብርሃን ገልጠው የሚያዩት። ከየቅጠሉ ሥር በአማርኛ ምን እንደሆነ ይጻፍ። ዓመት በዓመትም ከቤተ መጻሕፍቱ ሰው ሄዶ የተሳሳተ ነገር ካለ ይጠይቅ። የደብራችሁን ስም ያሳሳተው ሰው አንድ ጊዜ ተመልሶ ቢመጣ ኖሮ ይታረም ነበር።

ስለ አድራሻው፣ በእኔ እምነት ሁለቱም ይቻላል። ለሕዝብ የሚታየው መግለጫ አውራጃውን ብቻ ይናገር፣ ትክክለኛው ቦታ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ተቆልፎ ይቀመጥ። የቤተ መጻሕፍት ሰው ቁልፍ መያዝ ያውቃል፤ የአባትሽና የእኔ ሥራ አንድ ነው።

የርስት ታሪክ ላሉት፦ የኅዳጉን ነገር ተቀብያለሁ። ለዓመታት «ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች» ብዬ ያለፍኳቸው አሉ። ከእንግዲህ ቅጠሉን እጽፋለሁ።

ዘደብረታቦር

ከትናንት ወዲህ ደጋግሜ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ገባኝ። ሦስት ወር ስለ መግለጫ እጦት ሳማርር፣ እያገላበጥኩ የትኛው ተአምር በየትኛው ቅጠል እንዳለ በደብተሬ ስጽፍ ነበር። 14 ብራና ጨርሻለሁ። የተአምራቱ ዝርዝር ከነመነሻ ቃላቸው በእጄ አለ። ለማሟያዬ የሚያስፈልገኝ የአንዱ ታሪክ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ልጥለው ነበር።

እማማ፣ ይህን የሚቀበል ቤተ መጻሕፍት አለ?

እናት_መዝገብ

አትጣል! አንዲት መስመር እንዳትጥል። ያ ዝርዝር ከማሟያህ በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

እኔ እቀበልሃለሁ። እንዲህ አድርገህ አዘጋጀው፤ በኤክሴል፣ አንድ ተአምር በአንድ ረድፍ። መጀመሪያ የብራናው መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ቅጠሉ፣ ፊት ገጽ ይሁን ጀርባ ገጽ፣ ከዚያ ስንተኛ ተአምር እንደሆነ፣ ከዚያ መነሻ ቃሉ ብራናው ላይ እንዳለ፣ የቀለም ቀንድ እንዳለው ፊደሉን ሳትነካ። በፕሪንስተን መለያ ቁጥር ያለው ከሆነ እሱንም በራሱ ዓምድ ጨምርበት፣ ኋላ ከእነሱ ጋር እናገናኘዋለን። ያላነበብከውን ባዶ ተወው እንጂ አትገምት። የተጻፈበትን ዓመት ብራናው ላይ በዓመተ ምሕረት ካለ በዓመተ ምሕረት፣ በዓመተ ዓለም ካለ በዓመተ ዓለም ጻፈው፤ መመለሱን እኔ እመልሰዋለሁ። ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ካየህ በመጨረሻው ዓምድ «አለ» በል።

ስምህ በመግለጫው ላይ ይጻፋል፣ ያንን ሳታስፈርመኝ እንዳትሰጠኝ።

የቀለም_ቀንድ

ዘደብረታቦር፣ ያላነበብከው ቅጠል ካለ ላክልኝ። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጊዜ አለኝ።

ዘደብረታቦር

ዛሬ ማታ አራት ቅጠል እልክልሃለሁ፤ አንዱ ሰም ፈስሶበታል።